የጉድለት መቁጠሪያ ቅጽ አዘገጃጀትና አሞላል፦ ከዳቦ ቤት ምሳሌ ጋር

«ያንን የጥራት ቅጽ እስቲ ላክልኝ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ የዳቦ ቤት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ከልብስ ስፌት፣ ከውሃ ማሸጊያ፣ ከብሎኬት ማምረቻም ይጽፉልኛል። ቅጹ ለሽያጭ የማይሆነው ዕቃ በምን ምክንያት እንደተጣለ እየቆጠርን የምንመዘግብበት ወረቀት ነው። ብልክላችሁ ግን አይጠቅማችሁም፤ ለአንድ ዳቦ ቤት፣ ለአንድ ኦቭን፣ ለአንድ ጥያቄ የተሠራ ነው። የተዋሱት ቅጽ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የራሳችሁን ለማዘጋጀት ግን ሁለት ቀን ይበቃችኋል፤ አካሄዱን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ምሳሌዬ ዳቦ ነው፤ እናንተ በዳቦ ፈንታ ሸሚዝ ወይም ብሎኬት ብላችሁ አንብቡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤ4 ወረቀት፣ ለአንድ ፈረቃ አንድ ገጽ
- ወረቀት መያዣ ሰሌዳ (ክሊፕቦርድ)፤ ዱቄትና ዘይት ባለበት ቦታ በፕላስቲክ የሚሸፈን ቢሆን ይመረጣል
- በገመድ የታሰረ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ክዳን የሌለው
- በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን (ክብደት የምትለኩ ከሆነ)
- የግድግዳ ሰዓት፣ ከኦቭኑ አጠገብ ሆኖ የሚታይ
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- የተሞሉ ቅጾች የሚቀመጡበት ቦክስ ፋይል

ማስጠንቀቂያ፦ ምግብ በሚመረትበት ክፍል ስቴፕለር፣ ስፒልና መርፌ ይዛችሁ አትግቡ። ቅጹን በማጣበቂያ ፕላስተር ወይም በክሊፕ ብቻ ያዙት። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ ክዳን ሊጥ ውስጥ ሲወድቅ ማንም አያየውም፤ የሚያገኘው ደንበኛው ነው። ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ሊጥ ላይ ቢያርፍ ቶሎ ይታያል።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ጥራታችን እንዴት ነው?» የሚለውን ቅጽ አይመልሰውም። «ከኦቭን ከወጣው ዳቦ ውስጥ ለሽያጭ የማይሆነው በብዛት በምን ምክንያት ነው?» የሚለውን ግን ይመልሰዋል። ከጥያቄው ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ መልሱ ሲገኝ ማን ምን ያደርጋል? የሚያደርግ ሰው ከሌለ ቅጹን አትጀምሩ፤ ሠራተኛውን በከንቱ ማድከም ነው።

ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው ቅጹ ላይ የሚገባውን እያንዳንዱን ሣጥን የምትመዝኑት በዚህ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ጥያቄውን ለመመለስ የማይረዳ ሣጥን ይወጣል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ቅጽ 14 ዓምድ ነበረው፤ የዱቄቱ ዓይነት፣ የውሃው ሙቀት፣ የእርሾው መጠን፣ ምን የሌለ ነገር አለ! በሦስተኛው ቀን ዘይት ጠጥቶ ከኦቭኑ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት። ተጠያቂው እኔ እንጂ ጋጋሪው አልነበረም።

2. አንድ ሙሉ ፈረቃ ቆማችሁ ተመልከቱ

ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ዳቦው ከኦቭን የሚወጣበት ቦታ ቁሙ። የሚጣለውን እያንዳንዱን ዳቦ እዩ፤ ሠራተኞቹ የሚጠሩበትን ስምም እንዳለ ጻፉ። እኔ «ቅርጹ የተዛባ» ብዬ የጻፍኩትን እነሱ «የተኛ» ይሉታል። ቅጹ ላይ መግባት ያለበት «የተኛ» ነው፤ በሌሊት ስምንት ሰዓት እጁ በዱቄት የተለወሰ ሰው «ቅርጹ የተዛባ» ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የለበትም።

ከዝርዝራችሁ አራት ወይም አምስት የጉድለት ዓይነት አስቀሩ፣ ቀሪውን «ሌላ» በሚል ስም ሰብስቡ። የእኔ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ያረረ፣ የተኛ፣ የተሰነጠቀ፣ ጥሬ፣ ሌላ።

3. ለእያንዳንዱ ጉድለት ድንበር አስምሩ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ያልፈዋል፤ አብዛኛው ቅጽ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «ያረረ» ማለት ምን ያህል ያረረ? ለአንዱ ጋጋሪ ጥሩ ቀይ የሆነው ለሌላው አሮ ነው። ድንበሩ ካልተሰመረ የምትቆጥሩት የዳቦውን ጉድለት ሳይሆን የሰዎቹን የዓይን ልዩነት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ለመሸጥ የሚፈቀደውን በጣም የጠቆረ ዳቦ ከኃላፊው ጋር ሆናችሁ ምረጡ። ፎቶ አንሱት፣ በከለር አሳትሙት፣ ከቅጹ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ከዚህ የጠቆረ ሁሉ «ያረረ» ነው። ዳቦውን ራሱን ናሙና አድርጎ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ በማግስቱ ይደርቃል፣ መልኩም ይለወጣል። ፎቶውንም ዳቦውንም ሥራው በሚሠራበት መብራት ሥር አስተያዩ፤ በቀን ብርሃን ደህና የመሰለው በቢጫ አምፖል ሥር ሌላ ይመስላል።

ከዚያ ፈትሹት። 20 ዳቦ ደርድሩ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፣ ሁለት ሠራተኞች ተለያይተው፣ ሳይነጋገሩ፣ የትኛው ምን እንደሆነ ይጻፉ። ወረቀቶቹን አነጻጽሩ። ከሁለት በላይ ዳቦ ላይ ከተለያዩ ድንበሩ ገና ግልጽ አይደለም፤ የተለያዩበትን ዳቦ መሀል አስቀምጣችሁ ተነጋገሩና እንደገና ሞክሩ። እኔ ጋ ሦስት ጊዜ ነው የፈጀው፤ ሁለተኛው ላይ ሁለቱ ጋጋሪዎች «ጥሬ» በሚለው ቃል ላይ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። አንዱ ውስጡን ቆርሶ ነበር የሚያየው፣ ሌላው ሥሩን በጣቱ እየመታ በድምፁ ነበር የሚለየው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ግን አንድ ዘዴ መያዝ ነበረብን። በድምፁ የሚለየውን ያዝን፣ ዳቦ አይባክንበትም።

አንድ ተጨማሪ ደንብ፦ አንድ ዳቦ አንድ ምልክት። አሮም ተሰንጥቆም ከሆነ ቀድማችሁ በተስማማችሁበት ቅደም ተከተል የበለጠ ጉዳት ባለው ሥር ብቻ ይቆጠራል። ያለበለዚያ የምልክቱ ድምር ከተጣለው ዳቦ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ሒሳቡን ማመሳከርም አትችሉም።

4. የቅጹን ዓይነት ምረጡ

ጥያቄያችሁ «የትኛው ይበዛል?» ከሆነ መቁጠሪያ ቅጽ ያስፈልጋችኋል፤ በየጉድለቱ አጠገብ መስመር እየተጨመረ የሚሄድ ማለት ነው። ከዚህ በታች በዝርዝር የማሳየው እሱን ነው።

ጥያቄያችሁ «የት ላይ ይደርሳል?» ከሆነ የቦታ ቅጽ ሥሩ። የፓትራውን (የዳቦ መጋገሪያ ትሪውን)፣ የሸሚዙን ወይም የጠርሙሱን ሥዕል ወረቀቱ ላይ ሣሉና ጉድለቱ በታየበት ቦታ ላይ የኤክስ ምልክት አድርጉ። ቀላል ቢመስልም ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው እሱ ነው። በሠራሁበት አንድ ዳቦ ቤት ባረረ ዳቦ ሰበብ የሌሊቱ ጋጋሪ «ተኝቶ ነው» እየተባለ ከደሞዙ ይቆረጥበት ነበር። ፓትራውን ሥለን ለአራት ሌሊት ምልክት አደረግን። ምልክቱ ሁሉ የኋላ ግራ ጥግ ላይ ተከመረ፤ መሀሉና ፊቱ ንጹሕ ነበር። እንቅልፍ ቢሆን ፓትራው በሙሉ ባረረ። የጥገና ሠራተኛው ሲከፍተው አንዱ የማሞቂያ ሽቦ ከቦታው ወርዶ ወደ ፓትራው ተጠግቷል።

ጥያቄያችሁ «ልኩ ምን ያህል ይለዋወጣል?» ከሆነ የመለኪያ ቅጽ ነው። ለምሳሌ የባለ 100 ግራም ዳቦ ክብደት። ክብደትን በዓይን መለየት ስለማይቻል ከመቁጠሪያው ቅጽ ጋር አትቀላቅሉት። ወረቀቱን በግራም ክፍሎች ክፈሉ፦ 93–95፣ 96–98፣ 99–101፣ 102–104 እያላችሁ፤ ከዚያ በየሰዓቱ ከተለያየ ፓትራ አምስት ዳቦ መዝኑና በየክፍሉ መስመር ጨምሩ። ምልክቱ ሲጠራቀም ራሱ ሥዕል ይሆናል። አንድ ጉብታ ካወጣ ደህና ነው፤ ሁለት ጉብታ ካወጣ ሁለት የተለያየ ምንጭ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ሁለት ሊጥ ቆራጭ ወይም ሁለት ማሽን ሊሆን ይችላል። የሚመዘነው ከኦቭን ከወጣ እኩል ጊዜ በኋላ ይሁን፤ እኛ ለአንድ ሰዓት ቀዝቅዞ ነው የምንመዝነው። ትኩስ ዳቦ ውሃው እየተነነ ክብደቱ ይቀንሳል፤ አንዱን ትኩስ ሌላውን ቀዝቃዛ ከመዘናችሁ ያገኛችሁት ልዩነት የእንፋሎት ነው።

አንድ ሥራ ስለመሠራቱ ብቻ የምታረጋግጡ ከሆነ (ኦቭኑ ጸድቷል? ሚዛኑ ተፈትሿል?) «ተደርጓል» የሚል ሣጥን ያለው ዝርዝር ይበቃል።

5. ቅጹን ሣሉት

መጀመሪያ በእጅ፣ በኋላ በኮምፒዩተር። የእኛ ይህን ይመስላል፦

የሚጣል ዳቦ መቁጠሪያ
ጥያቄ፦ ለሽያጭ የማይሆነው ዳቦ በብዛት በምን ምክንያት ነው?
ቀንና ዕለት፦ ____ ፈረቃ፦ ቀን / ሌሊት ኦቭን ቁጥር፦ ____
የሞላው፦ ____ የተቆጠረበት ቦታ፦ የማቀዝቀዣ መደርደሪያ
ያረረ፦ |||| |||| || ድምር ____
የተኛ፦ |||| | ድምር ____
የተሰነጠቀ፦ ||| ድምር ____
ጥሬ፦ | ድምር ____
ሌላ (ምን እንደሆነ ይጻፍ)፦ ____ ድምር ____
በፈረቃው የተጋገረ ጠቅላላ ዳቦ፦ ____
ማስታወሻ (መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ የተቀየረ ዱቄት፣ የተበላሸ ማሽን)፦ ____

መስመሩ በአምስት በአምስት ይታሰራል፦ አራት ቋሚ፣ አምስተኛው አራቱን አግድም የሚቆርጥ። እዚህ በጽሑፍ አግድሙን ማሳየት ስለማይመች ነው ቋሚዎቹን ብቻ ያያችሁት። ቁጥር እየጻፉና እየሰረዙ ከመሄድ ይህ ይፈጥናል፣ ስሕተቱም ያንሳል።

ሁለት ቦታዎች ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

«በፈረቃው የተጋገረ ጠቅላላ ዳቦ» የሚለውን ብዙዎች ይረሱታል። እሱ ከሌለ የቀረው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱን በእርምጃ 8 ታዩታላችሁ።

ቀንና ሰዓት እኛ አገር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የኦቭኑ ሰሌዳ 1:30 ሲል ሠራተኛው 7:30 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ሰዓት ነው የሚያወሩት። ቢሮው ቀኑን በፈረንጆቹ ይመዘግባል፣ ፈረቃው በእኛ። አንዱን ምረጡና ከቅጹ ራስ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን» ብላችሁ አትሙት። የሌሊት ፈረቃ ሙሉ በሙሉ በተጀመረበት ቀን ይመዝገብ፤ ግማሹ ሰኞ ግማሹ ማክሰኞ አይጻፍ። ዕለቱንም (ሰኞ፣ ማክሰኞ) አስጽፉ፣ የቀን ስሕተት የሚያዘው በእሱ ነው።

6. በአንድ ፈረቃ ሞክሩት

አሥር ቅጂ አሳትሙ እንጂ አምስት መቶ አታሳትሙ። በመጀመሪያው ፈረቃ አጠገቡ ቁሙና ሠራተኛው አንድ ምልክት ለማድረግ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት እዩ። ከአምስት ሰከንድ ካለፈ አንድ ነገር ከብዷል፦ ሣጥኑ ጠቧል፣ እስክሪብቶው ሩቅ ነው፣ ወይም ጓንት ማውለቅ አስፈልጓል። «ሌላ» የሚለው ከጠቅላላው ምልክት አንድ አምስተኛውን ካለፈ ደግሞ ስም ያልተሰጠው ጉድለት ተደብቋል፤ አውጡትና የራሱን መስመር ስጡት።

ከሙከራው በኋላ አስተካክሉና ዝጉት። በሳምንቱ መሀል ቅጹን መቀየር አይፈቀድም፤ ከቀየራችሁ የፊተኛውና የኋለኛው ቁጥር አይደመሩም።

7. አሞላሉን አስተምሩ

ቅጹን ጉድለቱ የሚታይበት ቦታ ላይ ስቀሉት። ዳቦው የሚለየው መደርደሪያ ጋ ከሆነ መደርደሪያው ጋ እንጂ ኃላፊው ቢሮ አይሰቀልም። በየፈረቃው አንድ ሰው ብቻ ይሙላ፤ ለሁሉም የተሰጠ ሥራ የማንም ሥራ አይደለም። ለሠራተኞቹ የምትነግሯቸው አራት ነገር ነው፦

ሀ. ምልክቱ ዳቦው በተጣለበት ቅጽበት ይደረግ።
ለ. ምንም ካልተገኘ 0 ይጻፍ፣ ባዶ አይተው። ባዶ ቦታ «አልነበረም» ይሁን «አላየሁም» አይታወቅም።
ሐ. ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዝና አጠገቡ ይታረም፤ በነጭ ቀለም አይደፈን፣ ወረቀቱም አይቀደድ።
መ. መብራት ከጠፋ ሰዓቱ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ጄኔሬተር እስኪነሳ ሊጡ ከልኩ በላይ ይቦካና ይተኛል፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ የዚያን ሌሊት «የተኛ» በማን ላይ እንደሚላከክ ታውቁታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅጹ ላይ የወጣው ቁጥር ለደሞዝ መቁረጫ አይዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ብታደርጉት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሞላላችሁ ተረት ነው። ይህን ለባለቤቱ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ባይስማማ ሥራውን አትጀምሩት።

8. ደምሩና በመቶኛ አስሉ

በፈረቃው መጨረሻ ቅጹን የሞላው ሰው ይደምራል፣ ሌላ ሰው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት የተጣለውን ዳቦ ከያዘው ከረጢት ጋር ያመሳክራል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እለፉት፤ ትልቅ ከሆነ የዚያን ቀን ቅጽ ለብቻው አውጡት እንጂ በግምት አትሙሉት።

ለምሳሌ እንዲሆን ቁጥር እንስጥ። የሌሊቱ ፈረቃ 180 ዳቦ ጣለ፣ የቀኑ 100። ሌሊቱ የባሰ ይመስላል። ነገር ግን ሌሊት የተጋገረው 6,000 ሲሆን ቀን 2,500 ነው፤ ስለዚህ የሌሊቱ 3 በመቶ፣ የቀኑ 4 በመቶ ሆነ። የባሰው ቀን ነው። ጠቅላላውን አስጽፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሳምንቱን በየጉድለቱ ደምራችሁ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሩ፦

ያረረ 212 (53 በመቶ)
የተኛ 96 (24 በመቶ)
የተሰነጠቀ 52 (13 በመቶ)
ጥሬ 28 (7 በመቶ)
ሌላ 12 (3 በመቶ)
ድምር 400

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ 77 በመቶውን ይዘዋል። የምትነሱት «ያረረ» ላይ ነው። አምስቱን በአንዴ ለመጠገን የተነሳ ሰው አንዱንም ሲጨርስ አላየሁም። «ሌላ» ምንም ያህል ቢበዛ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ የተቀላቀለ ስለሆነ ሊጠገን የሚችል አንድ ነገር አይደለም።

ስንት ቀን ይሰብሰብ? ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት፤ ቅዳሜ ከሰኞ ይለያል፣ የጾም ሰሞንም ከፍስክ ሰሞን ይለያል፣ የሚሸጠውም የሚጋገረውም መጠን ይቀየራልና።

9. ውጤቱን ለሞላው ሰው አሳዩ

ድምሩን ሰኞ ጠዋት በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ከቅጹ አጠገብ ለጥፉ፤ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ተነጋገሩበት። የካይዘን (ሥራን ትንሽ በትንሽ የማሻሻል ዘዴ) ቡድን ካላችሁ የሳምንቱን ስብሰባ በዚሁ ወረቀት ጀምሩት። የሞላው ሰው ውጤቱን ካላየ በሁለተኛው ሳምንት መሙላት ይሰለቸዋል፤ እኔም ብሆን ይሰለቸኛል።

ለውጡን ካደረጋችሁ በኋላ (ሽቦው ተጠገነ እንበል) ያንኑ ቅጽ ምንም ሳትቀይሩ ለአንድ ሳምንት ሙሉት። የፊቱና የኋላው ሊነጻጸሩ የሚችሉት ቅጹ፣ ድንበሩና የመቁጠሪያ ቦታው አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

በፈረቃው መጨረሻ ከትዝታ መሙላት። ለመለየት ቀላል ነው፤ የሙሉ ፈረቃው ምልክት ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ዝንባሌ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይሰለፋል። በእውነት ሲሞላ የዋለ ቅጽ የዱቄት አሻራ አለው። እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ወረቀት ስታገኙ አትቆጡ፤ እስክሪብቶው የት እንደታሰረ ሂዱና እዩ።

ሁለት ኦቭን ወይም ሁለት ፈረቃ በአንድ ገጽ ላይ መሙላት። ከተቀላቀለ በኋላ መለየት አይቻልም። ለየብቻ የተያዘን ግን በማንኛውም ሰዓት መደመር ይቻላል፤ ስለዚህ ስትጠራጠሩ ለዩ።

በየቀኑ እኩል ቁጥር መምጣት። ሰኞ 30፣ ማክሰኞ 30፣ ረቡዕ 31 ካያችሁ ቆጠራው ቆሟል፣ ግምት ተጀምሯል።

ቅጹን ሳያነሱ መተው። ጥያቄው ከተመለሰና ለውጡ ከያዘ አውርዱት። የተሞሉትን በወር በወር ለያይታችሁ ቦክስ ፋይል ውስጥ አኑሩ፣ ከላይ ጥያቄውን ጻፉበት። ባዶ ቦታውን ለሚቀጥለው ጥያቄ ተዉለት፤ በእኛ ዝርዝር ተራው የ«የተኛ» ነው፤ እሱ ደግሞ ሰዓት የሚመዘገብበት ዓምድ ይፈልጋል።